ኬሚስትሪ ከአዳራሽ ውጭ፦ ተማሪ ተማሪን የማስረዳት ልማድ ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት የተጻፈው ታሪክ በአብዛኛው የመሥራቾች፣ የሕንፃዎች፣ የፖሊሲዎችና የተማሪዎች የፖለቲካ ንቅናቄ ታሪክ ነው። «የጥናት ክበብ» ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን በ1960ዎቹ የማርክስንና የሌኒንን ጽሑፎች እየተቀባበሉ ያነቡ የነበሩት ወጣቶች ናቸው። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ግቢ፣ ሌላም ክበብ ነበር፦ ከእራት በኋላ አንድ አልጋ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሦስት አራት ተማሪዎች፣ መሐላቸው የተዘረጋ ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ ያልተመጣጠነ የኬሚካል እኩልዮሽ። ይህኛው ክበብ መሪም፣ ስምም፣ ቃለ ጉባኤም ስላልነበረው ታሪክ ጸሐፊ አልገጠመውም። እኔ ግን ሐኪሞቻችንን፣ መሐንዲሶቻችንን፣ ፋርማሲስቶቻችንንና የግብርና ባለሙያዎቻችንን በማፍራት ረገድ ድርሻው ከማንኛውም የትምህርት መርሐ ግብር አያንስም ባይ ነኝ። ተማሪ ለተማሪ ኬሚስትሪ የማስረዳት ልማድ በአገራችን ሥር የሰደደው ሕዝባችን መረዳዳት ስለሚወድ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። መምህሩ በተናገረበት ቋንቋና ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ መካከል የነበረውን ክፍተት የሚሞላ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ልማዱን ለመርዳትም ሆነ ለማዘዝ የሚነሳ ሁሉ ይህን ምክንያቱን ካላወቀ ያበላሸዋል፤ አንድ ጊዜም ተበላሽቷል።

ተማሪ ተማሪን ማስተማሩ ራሱ ከዘመናዊ ትምህርት በፊት የነበረ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የኔታ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ ፊደል የለየው ላልለየው ያስቆጥራል፣ ዳዊት የደገመው ገና ንባብ የሚቆጥረውን ይመራል። በቅኔ ቤት ጀማሪው የቆጠረውን ጉባኤ ቃና ይዞ መምህሩ ፊት ከመቆሙ በፊት ቀድሞት የገባው ይሰማዋል፣ አገባቡን ያርምለታል። በወሎና በሐረር የእስልምና ትምህርት ማዕከላትም የቀደመው ደረሳ የኋለኛውን ያቀራል። ይሁን እንጂ ከቅኔ ቤቱ ተነስቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ዶርም ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ችኮላ ይመስለኛል። የቆሎ ተማሪው ለታናሹ የሚያቀብለው ቃል መምህሩ ካቀበሉት ቃል ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ሥራው ቃሉ ሳይዛነፍ እንዲተላለፍ መጠበቅ ነው። ኬሚስትሪ የሚያስረዳው ተማሪ ግን የመምህሩን ቃል እንዳለ ቢደግመው ምንም አልረዳም፤ ጓደኛው ያንን ቃል ጠዋት አዳራሽ ውስጥ ሰምቶታል፣ ደብተሩ ላይም ገልብጦታል። የተቸገረው እንግዳ በሆነው ቃል ውስጥ ያለው ነገር ስላልታየው ነው። ስለዚህ ዘመናዊው ልማድ ከአሮጌው የወረሰው አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር የቀደመ ለኋለኛው ዕዳ አለበት የሚለውን ስሜት ነው፤ ሥራው ግን አዲስ ነበር።

ሥራውን አዲስ ያደረገው የዘመናዊ ትምህርታችን አጀማመር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲዬን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ ከመቶ አይበልጡም ነበር፤ የማስተማሪያው ቋንቋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንግሊዝኛ ሆነ። ተማሪዎቹ የመጡት ከተፈሪ መኮንን፣ ከኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከጄኔራል ዊንጌት ነው፤ እነዚህም የውጭ አገር መምህራን የበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ኮሌጁ አድጎ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረትና አስተዳደሩ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲዛወር፣ የሳይንስ ትምህርቱ እዚያው አራት ኪሎ ቀረ። በየጠቅላይ ግዛቱ ያሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሳይንስና የሒሳብ ክፍሎች የሞሉት ደግሞ ሕንዳውያን መምህራንና ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡት የአሜሪካ ሰላም ጓዶች ነበሩ። ብዙዎቹ ሥራቸውን የሚወዱ፣ የሚተጉ ሰዎች እንደነበሩ አያከራክርም። ነገር ግን ተማሪው ግራ ሲገባው «እንዲህ ማለት እኮ ነው» ብለው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊመልሱለት አይችሉም ነበር። ተማሪው እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረ ነው፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ አማርኛውን ራሱን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። እንግዲህ በሁለቱም ወገን የቆመ፣ ሌክቸሩን የሰማና የጓደኛውንም ቋንቋ የሚያውቅ ማን ነበር? ያው ተማሪው ብቻ ነው። ይህ ሁኔታ አንድ ትውልድ ሙሉ ስለቆየ፣ ኢትዮጵያውያን መምህራን የሳይንስ ክፍሎቹን ሲረከቡ ልማዱ ሥር ሰዶ አገኙት። እነርሱ ራሳቸው በዚያው ልማድ ተምረው ያለፉ ናቸውና።

ማስረዳቱ ምን እንደሚሠራ ለማየት ከመግቢያ ኬሚስትሪ ጥያቄዎች አንዱን ቀረብ ብሎ መመልከት ይጠቅማል። 10 ግራም ሃይድሮጅን ከ64 ግራም ኦክስጅን ጋር ቢዋሃድ ስንት ግራም ውሃ ይገኛል? አዲሱ ተማሪ 10 ከ64 እንደሚያንስ ያያል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ሃይድሮጅን ነው ብሎ ይደመድማል። መጽሐፉ «ሊሚቲንግ ሪኤጀንት» የሚለውን ትርጓሜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥቶ ወደ ቀመሩ ያልፋል፤ መምህሩም ሁለት መቶ ተማሪ ፊት ቆሞ የእያንዳንዱን የተሳሳተ ግምት ማየት አይችልም። ሲኒየሩ ግን ወረቀቱን ሲያይ ስሕተቱን ወዲያው ያውቀዋል፤ አምና የእሱም ስሕተት ነበር። «ግራሙን ለጊዜው ተወውና ወደ ሞል ቀይረው» ይለዋል። 10 ለ2 ሲካፈል 5 ሞል ሃይድሮጅን፣ 64 ለ32 ሲካፈል 2 ሞል ኦክስጅን። ለአንድ ሞል ኦክስጅን ሁለት ሞል ሃይድሮጅን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 2 ሞል ኦክስጅን 4 ሞል ሃይድሮጅን ወስዶ ያልቃል፣ አንድ ሞል ሃይድሮጅን ይተርፋል። ልጁ አሁንም ካልገባው ምሳሌው ይመጣል፦ ለአንድ ባጃጅ ሦስት ጎማ ያስፈልጋል፤ 30 ጎማና 12 የባጃጅ አካል ቢኖርህ ስንት ባጃጅ ትገጥማለህ? አሥር፤ በቁጥር የበዛው ጎማ ቀድሞ አለቀ፣ ያነሰው አካል ተረፈ። ከዚህ በኋላ 4 ሞል ውሃ 72 ግራም መሆኑን፣ ከተረፈው 2 ግራም ሃይድሮጅን ጋር ሲደመር መጀመሪያ የነበረውን 74 ግራም መልሶ እንደሚሰጥ ልጁ ራሱ ያሰላዋል። ይህን ሁሉ ለማስረዳት ዶክትሬት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ያ ስሕተት ከየት እንደሚመነጭ ማስታወስ ነው። ሃያ ዓመት ያስተማረ መምህር ሞልን ያልተረዳበትን ቀን ረስቶታል፤ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ግን አልረሳውም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በዶርም የሚነገረው ቋንቋ ጉራማይሌ ነው፤ «ባላንስ አድርገው»፣ «ግራሙን ለሞላር ማሱ አካፍለው»፣ «ሶዲየሙ ኤሌክትሮኑን ለክሎሪኑ ይለቅለታል» ይባላል። በእንዲህ ያለ ንግግር ሳይንስ ይማሩበታል ወይ? የሚሉ የቋንቋም የሳይንስም ሰዎች አሉ። ለዚህ መልስ እንዲሆን አገሪቱ በቂ ደክማለች፤ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በምሁራን ተዘጋጅቶ በ1989 ዓ.ም. ታትሟል። ትልቅ ሥራ ነው፣ ሊከበርም ይገባል። ሆኖም ተማሪዎቹ የተጠቀሙበት ያንን መዝገበ ቃላት አይደለም፤ ለነገሮቹ እንግሊዝኛውን ስም ይዘው፣ ለድርጊቱ፣ ለምክንያቱና ለውጤቱ የራሳቸውን ቋንቋ ግስ ተጠቀሙ። ይህ ምርጫ ስንፍና አይመስለኝም። ነገ ፈተናው የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስያሜውን መለወጥ ተማሪውን ሁለት ጊዜ ማድከም ይሆንበታል፤ ምክንያትና ውጤት የሚተሳሰሩት ግን በግስ ነው፣ ግሱ ደግሞ ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ሲነገረው ነገሩ ይታየዋል። «ይለቅለታል» የሚለው ቃል አቶምን ሰው አስመሰለው፣ ይህም ያሳስታል የሚል የኬሚስትሪ መምህር ትክክል ነው፤ አቶም ፈቃድ የለውም። ግን መጻሕፍቱም በእንግሊዝኛ ይሰጣል፣ ይቀበላል፣ ይጋራል ይላሉ። የምሳሌው ድክመት የትምህርቱ እንጂ የዶርሙ ብቻ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ተቃውሞ ሲኒየሩ ራሱ ተሳስቶ ሊያሳስት ይችላል የሚለው ነው። ይችላል። በአንድ ዶርም የተጀመረ የተሳሳተ አቋራጭ ከዓመት ወደ ዓመት ሲወራረስ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ማንኛውም አሲድ በውሃ በተበረዘ ቁጥር ፒኤቹ ያለ ገደብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከ7ም ያልፋል የሚል ተማሪ፣ ይህን የሰማው ከመጽሐፍ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ነገር ግን ተቃውሞው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። በአዳራሽ ውስጥ የተሳሳተ ግንዛቤ ያለው ተማሪ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ስሕተቱ የሚታወቀው ፈተና ላይ ነው። በጓደኞች መካከል ግን ስሕተት ይነገራል፣ አንዱ «አይደለም» ይላል፣ ክርክር ይነሳል፣ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ካልሆነም ነገ መምህሩ ይጠየቃል። የተነገረ ስሕተት የመታረም ዕድል አለው። የኬሚስትሪ ትምህርት ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ዛሬ በመላው ዓለም የምናውቀው የተማሪዎች ቤተ ሙከራ ሥርዓት የተስፋፋው ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ገና በ21 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1824 በጀርመን ጊሰን ማስተማር ከጀመረ በኋላ ነው። በኋለኛው ዘመን ሊቢግ ራሱ ስለዚያ ቤተ ሙከራ ሲያስታውስ፣ ጀማሪዎቹን ያስተምሩ የነበሩት ረዳቶቹ እንደነበሩ፣ የቀደሙትም ጠዋት ጠዋት የየራሳቸውን ሥራ እያቀረቡና የሌላውን እየሰሙ አንዱ ከሌላው ይማር እንደነበር ጽፏል። ከዚያ ቤተ ሙከራ የወጡት ተማሪዎች የአውሮፓን የኬሚስትሪ ወንበሮች ያዙ። መምህሩ ታላቅ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ተማሪ ለተማሪ እንዲናገር ተደርጎ ስለተደራጀም ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ልማዱን ከውስጥ ሲፈታተነው የኖረው ነገር የማርክ አሰጣጡ ነው። በብዙ የትምህርት ክፍሎች ለረጅም ዘመን ኤ፣ ቢ፣ ሲ የሚሰጠው ተማሪን ከተማሪ በማነጻጸር ነበር። እንዲህ ባለ ሥርዓት ጓደኛን ማስረዳት የራስን ደረጃ በገዛ እጅ ዝቅ ማድረግ ሊሆን ይችላል፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር መባረር ያለበት ግቢ ውስጥ ደግሞ አደጋው የእውነት ነው። ታዲያ ቀለሜው ለምን ያስረዳል? ሁሉም አላስረዱም፤ ወርክሺቱን ፍራሽ ሥር ደብቆ፣ መጽሐፉን ከላይብረሪ መደርደሪያ ሌላ ቦታ ሸሽጎ የሚያነብም በየዘመኑ ነበረ። ግን የሚያስረዳው የበዛው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው ጥቅም ነው፤ በኬሚስትሪ የበረታው በእንግሊዝኛ ወይም በሒሳብ ይቸገራል፣ ስለዚህ ዕርዳታው በልውውጥ ነበር። ሁለተኛው ከትምህርቱ ባሕርይ ይመጣል፦ ኬሚስትሪን ለሌላ ያስረዳ ሰው ራሱ ምን እንዳልገባው ያውቃል። ሞልን በቃሉ የሸመደደ ተማሪ 6.022 × 10²³ የሚለውን ቁጥር ሳያሳስት ይጽፋል፤ «ለምን ይህ ቁጥር ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ይቆማል። ከዚያ ወዲያ መመለስ የሚችለው ዳግም ካነበበ ነው። ብዙ የሳይንስ መምህሮቻችን ማስተማር የጀመሩት እዚያው አልጋ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ከተመረቁ በኋላ በግራጁዌት አሲስታንትነት ሲቀሩ ሙያውን ቀድመው ለምደውት ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ለሕፃናቱ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ነገር ግን የሽግግሩ ቦታ ከክልል ክልል ተለያየ፤ በአማራ ክልል ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል በእንግሊዝኛ ሲሰጥ፣ በኦሮሚያና በትግራይ እስከ 8ኛ ክፍል በየክልሉ ቋንቋ ቀጠለ። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የፕላዝማ ትምህርት ክፍተቱን አሰፋው፤ የቴሌቪዥኑ መምህር ተማሪዎቹ በማያውቁት የእንግሊዝኛ አነጋገር ይፈጥናል፣ አይጠየቅም፣ አይደግምም። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ በመንግሥት ሥር ያሉት ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ተወሰነ። አዳራሹ ሰፋ፣ መምህሩ ራቀ። በአንድ ዶርም ውስጥም አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛና ሶማሊኛ የሚናገሩ ልጆች ተገናኙ። ድሮ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የነበረው ማሻገር አሁን በብዙ መንገድ የሚሄድ ሆነ፤ አንዱ በአማርኛ ያስረዳል፣ የገባው ለአገሩ ልጅ በኦሮምኛ ይደግመዋል። የየእምነቱ የተማሪዎች ማኅበራት፣ ግቢ ጉባኤውም፣ የሙስሊሙ ጀመዓም፣ የወንጌላውያኑ ኅብረትም ለአዲስ ገቢዎች ቱቶሪያል ማዘጋጀት ያዙ። ማንም አላዘዛቸውም።

ትእዛዙ የመጣው ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ነው። «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት ከገበሬው ማሳ እስከ መሥሪያ ቤት ሲዘረጋ ወደ ትምህርት ተቋማትም ገባ፤ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ተማሪዎችን ይዞ እንዲያስጠና፣ ሪፖርትም እንዲቀርብ ተደረገ። ከላይ ሲታይ የነበረውን ልማድ ማጠናከር ይመስላል። ለአደረጃጀቱ የሚከራከሩ ሰዎች፣ ልማዱ በራሱ ሲሄድ ዓይን አፋሩንና ጓደኛ የሌለውን ይተወዋል፣ አደረጃጀቱ ግን ማንንም አይተውም ይላሉ። ይህ ክርክር እውነትነት አለው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ነገር ግን የልማዱ ነፍስ ያለችው ያልገባው ሰው ያልገባውን ይዞ የሚያምነውን ሰው መርጦ በመሄዱ ላይ ነው። መሪው በዝርዝር ሲመደብ፣ ስብሰባው በሰዓት ሲጠራ፣ ቡድኑም የትምህርት ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ መልእክት ማውረጃና ሰው መከታተያ ነው ተብሎ ሲጠረጠር፣ ተማሪው አላወቅሁም ማለትን ፈራ። በብዙ ቦታ የቀረው የተሞላ ቅጽና የአባላት ፊርማ ነው፤ እውነተኛው ጥናት እንደ ቀድሞው በጓደኝነት ቀጠለ። ዓለምም ይህን ስሕተት ቀድማ ሠርታዋለች። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ በእንግሊዝ አንድሪው ቤልና ጆሴፍ ላንካስተር ያስፋፉት ሥርዓት በአንድ መምህር ሥር በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናትን በተማሪ አለቆች አማካይነት ያስተምር ነበር። ርካሽ ስለነበር በብዙ አገሮች ተስፋፋ፤ አለቆቹ ግን የታዘዙትን ቃል ከማስደገም በቀር ማስረዳት ስላልተፈቀደላቸው፣ በመቶ ዘመኑ አጋማሽ ሥርዓቱ እየተተወ ሄደ።

ታዲያ ተቋም ይህን ነገር ፈጽሞ መንካት የለበትም ማለት ነው? እንዲህ አልልም፤ የተሳካ ምሳሌ አለና። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዩሪ ትራይዝማን በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ሲመረምር፣ ብዙ ባልደረቦቹ የትጋት ወይም የመሠረት ጉድለት ነው ብለው ገምተው ነበር። እሱ ሃያ ጥቁር አሜሪካውያንንና ሃያ ቻይናውያን አሜሪካውያንን ተከታትሎ ያየው ግን ሌላ ነው፦ ቻይናውያኑ ክፍል ውስጥ የተማሩትን ማታ አብረው ያፍረጠርጡታል፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ያርማል፤ ጥቁሮቹ ተማሪዎች ብዙ ሰዓት ያጠናሉ፣ ግን ብቻቸውን። ከዚያ በኋላ ያቋቋመው ወርክሾፕ ለደካሞች የሚሰጥ ማሟያ አልነበረም፤ ከባድ ጥያቄዎች ጠረጴዛ ላይ ቀርበው ተማሪዎች በጋራ የሚታገሉበት ነበር፣ ውጤቱም በግልጽ ተሻሻለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የኒውዮርክ ሲቲ ኮሌጅ ይህንኑ ሐሳብ ወደ መግቢያ ኬሚስትሪ አመጣው፤ ትምህርቱን በቅርቡ በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ተማሪዎችን በየሳምንቱ ይመራል፣ ሥልጠና ያገኛል፣ ማርክ ግን አይሰጥም፣ መልስም አይነግርም። ከአንድ ለአምስት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ክፍሉን፣ ጊዜውንና የታሰበበትን ጥያቄ አቀረበ፤ ንግግሩን ግን ለተማሪዎቹ ተወላቸው። መሪው የበላይ ሹም ሳይሆን አንድ ዓመት ቀድሞ ያለፈ ጓደኛ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወዳቆየሁት ክርክር ልመለስ። ልማዱ ሰው ይተዋል፤ አዎን፣ ይተዋል፤ ከሁሉ ይልቅ የተወው ሴት ተማሪዎችን ነው። ዶርም በጾታ የተለየ ነው፣ ጥናቱ የሚደምቀው ደግሞ ሌሎች ቦታዎች ከተዘጉ በኋላ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በሳይንስ ፋኩልቲ የነበሩት ሴቶች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ፣ አዲሷ ተማሪ በራሷ ዶርም ውስጥ ኬሚስትሪን ቀድማ ያለፈች ሲኒየር የማግኘት ዕድሏ እጅግ ጠባብ ነበር። ወንዱ ፒጃማውን ለብሶ አንድ በር ተሻግሮ የሚጠይቀውን እሷ በቀን፣ በላይብረሪ፣ ሰው እያያት፣ ወሬም እየፈራች ነበር የምትጠይቀው። በኋላም ቁጥራቸው ሲጨምር ከግቢ ብርሃን አልባ መንገዶች እስከ ትንኮሳ ያለው ሥጋት ማታ ከመማሪያ ክፍል አስቀርቷቸዋል። ስለዚህ ሴቶች በመጀመሪያው ዓመት በብዛት ሲባረሩ ምክንያቱን በችሎታ መፈለግ ማስረጃውን አለማየት ነው፤ ለወንዱ የነበረው የማታ ትምህርት ቤት ለእነርሱ አልተከፈተም ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ለብቻ ቱቶሪያል መስጠት ሲጀምሩ አንዳንዶች አድልዎ ነው ብለው አጉረመረሙ። እኔ የማየው ለሌሎቹ ያለ ክፍያና ያለ ስም ሲሰጥ የኖረውን በጥቂቱ ማካካስ ነው። በቋንቋና በአገር ልጅነት የሚሰበሰቡ ቡድኖችም እንዲሁ ቁጥሩ ያነሰውን ከበር ውጭ እንደሚያስቀሩ መካድ አይቻልም፤ አንድ ብቻውን ከሩቅ ወረዳ የመጣ ልጅ የማን አልጋ ላይ ይቀመጣል?

ስለ ኩረጃም አለመናገር አይቻልም፤ ተማሪዎች ተሰብስበው ሲያጠኑ ያየ ሁሉ የሚጠረጥረው እሱን ነውና። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር ተደርጎ ሲሰጥ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው ተማሪው በጋራ መሥራት የለመደው ለመኮረጅ ነው አሉ። ማስረጃው የሚያሳየው ተቃራኒውን ይመስለኛል። ኩረጃ የሚስፋፋው ማስረዳት በሌለበት ነው። መልሱን የሚያቀብል ተማሪ አንድ ፊደል ያቀብላል፤ ጓደኛው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያው ነው። የሚያስረዳው ግን መልሱን ሳይሆን መንገዱን ይሰጣል፣ ፈተናው ቀን ደግሞ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀመጣል። ያ 3.3 በመቶ ለዓመታት ኬሚስትሪን በእንግሊዝኛ እየገለበጡ፣ በራሳቸው ቋንቋ የሚያስረዳቸው ሳያገኙ ያለፉ ልጆች ውጤት ነው ብሎ ማሰብ ይቀለኛል። የሚያስረዳ ሲኒየር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ፤ በአንድ ወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ቀድሞ ያለፈው ከአካባቢው ሄዷል።

የማለፊያ ነጥብ ያላመጡት በብዛት በሪሜዲያል ፕሮግራም ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ከፊዚክስ፣ ከባዮሎጂና ከሒሳብ ጋር ያንኑ ኬሚስትሪ እንደገና ሲማሩ ቆይተዋል፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቀርቶ የነበረው የፍሬሽማን ዓመትም በ2012 ዓ.ም. ተመልሷል። የአሮጌ ፈተና ፎቶና ሃንድአውት በቴሌግራም በሰከንድ ይደርሳል። ይህ መልካም ነው፤ ግን ፋይል መላክ ማስረዳት አይደለም፣ ልጁ የቱ ጋ እንደተሳሳተ የሚያይ ሰው በፋይሉ ውስጥ የለም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ሌላ አደረጃጀት ከመፍጠራቸው በፊት ትንሽና ርካሽ ነገሮችን ያድርጉ፦ መማሪያ ክፍሎችን ማታ ክፍት ያድርጉ፣ ወደ እነርሱ የሚወስደውን መንገድ ያብሩ፣ ለሴት ተማሪዎች የሴት ሲኒየሮችን ጊዜ በክፍያ ይግዙ፣ ማርክን በተወሰነ መለኪያ ይስጡ እንጂ ተማሪን በተማሪ አይለኩ፤ በቡድኖቹ ላይም ሪፖርት አይጠይቁ። ይህን የምታነቡ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ደግሞ የአምና ወርክሺታችሁን አትጣሉት፤ አዲስ ገቢዎቹ ሲመጡ በቋንቋችሁ ብቻ ሳትመርጡ፣ ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠውን ጠይቁት፣ ሊሚቲንግ ሪኤጀንት ላይ ደርሶ ይሆናል።